ሽረት፣ መነሣት፣ መልቀቅ፦ ባለሥልጣን ወንበሩን የሚተውበት ታሪክና ቃላቱ ከአዲስ አበባ እስከ ጀሪፍ

ጀሪፍ በካርቱም ከተማ በጥቁር ዓባይ ዳር የተዘረጋ ሰፈር ነው። ወንዙ ለሁለት ከፍሎት በአንዱ ዳር ምዕራብ ጀሪፍ፣ በሌላው ምሥራቅ ጀሪፍ ይባላል። ስሙ «ጁርፍ» ከሚለው የዐረብኛ ቃል የወጣ የማሳነሻ ቅርጽ ሲሆን፣ ጁርፍ በሱዳን አነጋገር የወንዝ ሙላት ሲጎድል ብቅ የሚል፣ ለእርሻ የሚውል የዳርቻ መሬት ነው። ሰፈሩ በጡብ መተኮሻ ምድጃዎቹ ይታወቃል፤ ባለፉት ዐሥርታትም ብዙ ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን ስደተኞች ኖረውበታል። በዚህም ምክንያት አማርኛ ከትግርኛና ከሱዳን ዐረብኛ ጋር ጎን ለጎን ከሚነገርባቸው የካርቱም ሰፈሮች አንዱ ነበር።

ከየካቲት 2010 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ባለው ጊዜ ውስጥ በዚያ ሰፈር ይኖር የነበረ አማርኛ ተናጋሪ በሁለት ቋንቋ የሦስት መሪዎችን ስንብት ሰምቷል። የካቲት 8 ቀን 2010 ዓ.ም. የኢትዮጵያው ጠቅላይ ሚኒስትር ኃይለ ማርያም ደሳለኝ የሥራ መልቀቂያ ጥያቄ ማቅረባቸው ተነገረ። ሚያዝያ 3 ቀን 2011 ዓ.ም. ኦማር አል በሺር ከሠላሳ ዓመት ገደማ አገዛዝ በኋላ በሠራዊታቸው ከሥልጣን ተወገዱ። ታኅሣሥ 24 ቀን 2014 ዓ.ም. ደግሞ የሱዳን ጠቅላይ ሚኒስትር አብደላ ሐምዶክ በቴሌቪዥን ቀርበው ሥራቸውን መልቀቃቸውን አስታወቁ። በሦስቱም ወንበሩ ባዶ ሆነ። ባዶ ያደረገው ማን እንደሆነ ግን ሦስቱ ዜናዎች በተነገሩባቸው ግሦች አንድ ዓይነት መልስ አያገኝም።

የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ይኸው ነው። ሥልጣን ላይ ያለ ሰው ለምን ወንበሩን ይተዋል የሚለው ጥያቄ በፖለቲካ ጥናት ውስጥ የቆየ ነው። ነባሩ ተወካይ የማይወዳደርበት ወንበር ከሌላው ይልቅ ለአዲስ ሰው የቀረበ በመሆኑ የምርጫ አጥኚዎች ለብቻው ይቆጥሩታል። አሜሪካዊው ጆሴፍ ሽሌሲንገር እ.ኤ.አ. በ1966 ባሳተመው ሥራ የፖለቲከኛን ምኞት በሦስት ከፍሎ ነበር፤ አንድ ዘመን አገልግሎ መሄድ የሚሻ፣ በያዘው መቆየት የሚሻ፣ ከያዘው ወደ ከፍተኛው መውጣት የሚሻ። ይህ አከፋፈል ወሳኙን ሰው ባለወንበሩ ራሱ ያደርገዋል። በኢትዮጵያና በሱዳን ታሪክ ግን ወሳኙ ማን እንደነበረ አስቀድሞ መጠየቅ ያስፈልጋል፤ ለዚህም የስንብት ቃላት ታሪክ ጥሩ ምስክር ነው።

ሾመ እና ሻረ

በአማርኛ የሥልጣን ቃላት መካከል አሮጌው ጥንድ ሾመ እና ሻረ ነው። ሾመ ከግእዙ ሤመ፣ ሻረ ከግእዙ ሰዐረ ጋር ይዛመዳሉ። ሁለቱም አድራጊ ግሦች ናቸው፤ ባለሥልጣኑ በሁለቱም ተሳቢ ነው። ስለ እርሱ ለመናገር ወደ ተደራጊው መሄድ ግድ ነው፤ ተሾመ፣ ተሻረ። ሰውየው ራሱን አይሾምም፣ ራሱንም አይሽርም። ከሁለቱ የተሠራው «ሹም ሽር» የሚለው ጥምር ስምም አድራጊውን ሳይጠራ ነገሩን እንደ ወቅት መፈራረቅ ያቀርበዋል። አድራጊው ንጉሠ ነገሥቱ መሆኑን ሁሉም ስለሚያውቅ መጥራት አላስፈለገም።

የዘመኑ አነጋገርም ከዚህ ጋር ይስማማል። ለአዲስ ተሿሚ «ሹመት ያዳብር» ይባላል። ተሿሚው በሥልጣን ላይ ሳለ ሊያደርግ የሚገባውን ደግሞ «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለው ተረት ይነግራል። ይህ ተረት ብዙ ጊዜ ስለ ሙስና ማስረጃ ሆኖ ይጠቀሳል፤ ሆኖም የሚናገረው ስለ ስንብትም ነው። በተረቱ ውስጥ ሽረት እንደሚመጣ የታወቀ ነው፤ የማይታወቀው ቀኑ ብቻ ነው። ከሽረት በኋላ የሚጠብቅ ነገር ስለሌለም ያለው ጊዜ በሥልጣን ላይ ያለው ብቻ ነው።

በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ከዚህ ሥርዓት ጎን ሌላ ዓይነት ወንበር አቆመ። የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት አባላት በንጉሠ ነገሥቱ ሲሾሙ፣ የሕግ መምሪያ ምክር ቤት አባላት ግን እ.ኤ.አ. ከ1957 ጀምሮ በየአራት ዓመቱ በሕዝብ ይመረጡ ነበር። ፓርቲ አልነበረም፤ ዕጩውም በሚወዳደርበት ወረዳ ንብረት ሊኖረው ይገባ ነበር። «ወንበር» የሚለው ቃል ከዚያ በፊት የዳኛና የመጻሕፍት መምህር መቀመጫን ያመለክት ነበር፤ ወንበር መዘርጋት ማስተማር ነው። አሁን ለአንድ ወረዳ ውክልናም መጠሪያ ሆነ። ለዚህ ወንበር ሻረ የሚለው ግሥ አይስማማም፤ ተመራጩ ዘመኑ ያበቃል፣ ወይም ይሸነፋል እንጂ አይሻርም። የተሿሚውና የተመራጩ ስንብት በቋንቋ መለያየት የጀመረው ከዚህ ነው ማለት ይቻላል።

የ1966 ዓ.ም. ትምህርት

መልቀቅ የሚለው ቃል ለከፍተኛ ሥልጣን በይፋ የዋለበት ትልቁ አጋጣሚ የካቲት 1966 ዓ.ም. ነው። የወታደሮች አመፅ፣ የመምህራንና የታክሲ ነጂዎች አድማ፣ የነዳጅ ዋጋ ንረት በአንድነት በተነሡበት በዚያ ወር፣ ከ1953 ዓ.ም. ጀምሮ ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩት አክሊሉ ሀብተ ወልድ ከነካቢኔያቸው ሥራ ለቀቁ። ካቢኔ ተሰብስቦ ሥልጣን ሲለቅ ለሰሚው አዲስ ነገር ነበር። ተሳቢ የነበረው ባለሥልጣን በዓረፍተ ነገሩ ውስጥ ባለቤት ሆነ።

ይህ የሰዋስው ለውጥ ግን ሰውየውን አልጠበቀውም። አክሊሉ በዚያው ዓመት ታሰሩ፤ ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ ያለ ፍርድ ካስገደላቸው ስድሳ ገደማ ሰዎች አንዱ ሆኑ። እርሳቸውን የተኩት እንዳልካቸው መኮንንም በዚያው ሌሊት ተገደሉ። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ከዙፋን የወረዱት ንጉሠ ነገሥትም በእስር ሳሉ ሕይወታቸው አለፈ። በፈቃድም ይሁን በግዴታ የለቀቀ፣ የተሻረና የወረደ አንድ ቦታ ተገናኙ።

ከዚህ በኋላ በሥልጣን ላይ ላለ ኢትዮጵያዊ የመልቀቅ ዋጋ ምን ያህል እንደሆነ ለመገመት አስቸጋሪ አልነበረም። ግንቦት 13 ቀን 1983 ዓ.ም. መንግሥቱ ኃይለ ማርያም በኬንያ በኩል ወደ ዚምባብዌ ሲሄዱ አማርኛ ተናጋሪው ነገሩን በብዙ ግሥ ጠራው፤ ሸሹ፣ ኮበለሉ፣ አገር ጥለው ወጡ። «ለቀቁ» ከእነዚህ ጋር ሲሰለፍ ደካማው ነው። ለምክንያቱ ወደ ግሡ ራሱ መመለስ ይገባል።

ለቀቀ፣ ተለቀቀ፣ አስለቀቀ

ለቀቀ በመሠረቱ የያዙትን መተው ነው፤ ገመድ፣ እጅ፣ እስረኛ፣ ውኃ ይለቀቃል። ስለዚህ «ሥልጣኑን ለቀቀ» የሚለው ዓረፍተ ነገር ሁለት ነገር ይናገራል፤ ሥልጣኑ በሰውየው እጅ እንደነበረና እጁን የፈታው እርሱ ራሱ እንደሆነ። ማን እንደገፋው ግሡ አይናገርም። ያንን ለመናገር አማርኛ የተዘጋጀ ቅርጽ አለው፤ አስደራጊው አስለቀቀ ነው። ሰፈር ማስለቀቅ፣ ቤት ማስለቀቅ፣ ይዞታ ማስለቀቅ የተለመዱ አነጋገሮች ናቸው። ባለሥልጣንን በተመለከተ ግን ይፋዊው ጽሑፍ ለቀቀን ይመርጣል፣ አስለቀቀን ለተቃዋሚው ይተዋል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት አንድ ቅጥያ ቢመስልም የታሪክ ክርክሩ በሙሉ በዚያ ውስጥ አለ።

ከሁለቱ መካከል የሚቆም ሦስተኛ ግሥ አለ፤ ተነሣ። «ከኃላፊነት ተነሣ» ሲባል አንባቢው የአነሣ ተደራጊ አድርጎ ሊወስደው ይችላል፤ ሌላ ሰው አነሣው። ነገር ግን ተነሣ በራሱ የቆመ ግሥም ነው፤ የተቀመጠ ሰው በገዛ ፈቃዱ ይነሣል። ሕግ አውጪው ይህን አሻሚነት በሚገባ ተጠቅሞበታል። ለቀድሞ የአገርና የመንግሥት መሪዎች፣ ለከፍተኛ ኃላፊዎች፣ ለምክር ቤት አባላትና ለዳኞች የሚሰጠውን ጥቅም የወሰነው አዋጅ ቁጥር 653/2001 ተጠቃሚዎቹን «ከኃላፊነት የተነሱ» ይላቸዋል። ገንዘብና መኖሪያ ለመስጠት ሲባል የተባረረውንና የሄደውን መለየት አላስፈለገም።

የነጋሶ ወንበር

ከስንብት በኋላ የሚሰጥ ጥቅም ባለሥልጣንን ለመሸኘት ብቻ ሳይሆን ከምርጫ ለማራቅም ያገለግላል። በ1987ቱ ሕገ መንግሥት መሠረት የፕሬዚዳንቱ ዘመን ስድስት ዓመት ሲሆን ከሁለት ጊዜ በላይ መመረጥ አይቻልም። ለጠቅላይ ሚኒስትሩ እንዲህ ያለ ገደብ አልተጣለም። የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ነጋሶ ጊዳዳ በ1994 ዓ.ም. መጀመሪያ ዘመናቸውን ጨርሰው ሲወጡ አዋጅ ቁጥር 255/1994 ወጣ። አዋጁ ለቀድሞ ፕሬዚዳንት ጥቅም የሚሰጠው ከፓርቲ ፖለቲካ ርቆ እንዲኖር ነው።

ነጋሶ በ1997ቱ ምርጫ በደምቢ ዶሎ በግል ተወዳድረው የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አባል ሆኑ። የቀድሞ ፕሬዚዳንትነት ጥቅማቸውም ተቋረጠባቸው። ከትልቅ ወንበር ወርዶ ትንሽ ወንበር ለመሻት ዋጋ ተቆረጠለት ማለት ነው። ሽሌሲንገር ከዘረዘራቸው ሦስት ምኞቶች ውስጥ ይህ ቦታ የለውም፤ የእርሱ መሰላል ወደ ላይ ብቻ የሚወጣ ነው።

ጥቅም ስንብትን እንደሚያፋጥን ሌላ አገርም ያሳያል። በአሜሪካ የተወካዮች ምክር ቤት ከ1980 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የነበሩ አባላት ከምርጫ ዘመቻ የተረፈ ገንዘባቸውን ለግላቸው ማድረግ የሚችሉት በ1992ቱ ምርጫ ሳይወዳደሩ ከወጡ እንደሆነ በሕግ ተወስኖ ነበር። በዚያ ዓመት ከወትሮው የበዙ አባላት ተሰናበቱ። ልዩነቱ እዚያ ሕጉ ወንበሩን ለተቀናቃኞች ሲከፍተው፣ እዚህ የወጣው ሰው ተመልሶ እንዳይወዳደር መዝጋቱ ነው።

የ1997ቱ ምርጫ ሌላም ዓይነት ባዶ ወንበር አስተዋወቀ። ቅንጅት በአዲስ አበባ የነበሩትን 23 የፓርላማ ወንበሮች በሙሉ አሸነፈ፤ ይሁን እንጂ ውጤቱን በተመለከተ በተነሣው ውዝግብ ብዙዎቹ ተመራጮች ምክር ቤት አልገቡም፣ መሪዎቻቸውም ታሰሩ። የዘመኑ ክርክር «ፓርላማ መግባት» እና «አለመግባት» በሚሉ ቃላት ተካሄደ። እነዚህ ወንበሮች ነባር ባለቤት ሳይቀመጥባቸው ባዶ ሆኑ። በ2000 ዓ.ም. «የማሟያ ምርጫ» ተደረገ፤ ማሟያ የሚለው ቃል የጎደለውን ቁጥር እንጂ የጎደለበትን ምክንያት አይጠቅስም።

መተካካት

በ2002 ዓ.ም. ገዥው ግንባር ነባር መሪዎቹን በአዲስ የመተካት መርሐ ግብሩን «መተካካት» ብሎ ጠራው። ከ1983 ዓ.ም. ጀምሮ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር የነበሩት ሥዩም መስፍንና ምክትል ጠቅላይ ሚኒስትር አዲሱ ለገሰ ቦታቸውን ለቀቁ። በ2003 ዓ.ም. መጀመሪያ ኃይለ ማርያም ደሳለኝ ሁለቱንም ሥራ ደርበው ያዙ።

የቃሉ አሠራር ልብ ይባል። ተካ አድራጊ ነው፣ ተተካ ተደራጊ ነው። ሁለቱም በንዑስ አንቀጽ መተካት ይሆናሉ፤ ፊደሉ አንድ ሲሆን የሚለያቸው ጥብቀት ብቻ ነው። መተካካት ግን ከድርብ ቅርጹ ተተካካ የተገኘ ነው። የእርስ በርስና የመደጋገም ስሜት ስላለው አንዱ ሌላውን ሲተካ፣ ሌላውም ሌላውን ሲተካ ያሳያል እንጂ የሚሰናበትን ሰው ለይቶ አያወጣም። የሚተካ አለ፣ የሚተካለት አለ፣ የሚሻር ግን የለም። በሹም ሽር ውስጥ የነበረው ከላይ የሚወርድ እጅ ከቃሉ ወጣ። ከነገሩ ግን አልወጣም፤ ማን በማን እንደሚተካ የወሰነው የፓርቲው አመራር ነበር።

መራጩስ? በዚያው ዓመት በግንቦት በተደረገው ምርጫ ግንባሩና አጋሮቹ ከ547ቱ ወንበሮች 545ቱን ወሰዱ። ስለዚህ ነባሩ ሰው የለቀቀው ወንበር ለተቀናቃኝ ክፍት ሆነ ለማለት አይቻልም። የአንድ ሰው ወንበር ባዶ ሆነ፣ የፓርቲው ወንበር ግን አልተነቃነቀም። መለስ ዜናዊ ነሐሴ 14 ቀን 2004 ዓ.ም. ማረፋቸው ሲነገርም ተተኪያቸው የመጣው በዚሁ መንገድ ነው።

ኢስቲቃላ

በ2010 ዓ.ም. የኃይለ ማርያም ስንብት በይፋ የተነገረው «መልቀቂያ» እና «ጥያቄ» በሚሉ ሁለት ቃላት ነው። መልቀቂያ የመሣሪያ ስም ነው፤ ሰው የሚለቅበት ነገር፣ ማለትም ደብዳቤ። ጥያቄ ደግሞ ተቀባይ ይፈልጋል፤ ፓርቲያቸውና ምክር ቤቱ እስኪቀበሉት፣ ተተኪያቸውም መጋቢት 24 ቀን ቃለ መሐላ እስኪፈጽሙ ድረስ በሥራቸው ላይ ቆዩ። ባለቤት የሆነው ሰው እንደገና ፈቃድ ጠያቂ ሆነ።

በጀሪፍ ዜናውን በዐረብኛ የሰማ ሰው ይህንኑ አንድ ቃል ውስጥ አገኘው። ኢስቲቃላ የዐረብኛው ዐሥረኛ ቅርጽ ነው፤ ይህ ቅርጽ ብዙ ጊዜ መሻትን ያሳያል። ኢቃላ ከውል ወይም ከሹመት ማሰናበት ሲሆን፣ ኢስቲቃላ እንዲያሰናብቱ መለመን ነው። አማርኛ በሁለት ቃል ያስቀመጠውን ዐረብኛ በቅጥያ ይዞታል። ከዚህ ሌላ ዐረብኛ ተነሒ የሚል ቃል አለው፤ ራስን ወደ ጎን ማድረግ ነው።

ሱዳን ከጎረቤቷ በተለየ ሁለት ጊዜ ወታደራዊ መሪ ወጥቶ የምክር ቤቱ ወንበር በሙሉ ለውድድር ሲቀርብ አይታለች። ጄኔራል ኢብራሂም አቡድ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1964 በሕዝብ አመፅ ተገፍተው በኅዳር ከርእሰ ብሔርነት ለቀቁ፤ በ1965 ምርጫ ተደረገ። ጄኔራል ሲዋር አል ዘሀብ በሚያዝያ 1985 ሥልጣን ይዘው በገቡት ቃል መሠረት ከአንድ ዓመት በኋላ ለተመራጭ መንግሥት አስረከቡ። ሁለቱም ከስንብታቸው በኋላ ለረጅም ዓመታት በሕይወት ኖረዋል። ይህን ከአክሊሉና ከእንዳልካቸው ዕጣ ጋር ማነጻጸር ብቻ ለምን አንዱ ሲለቅ ሌላው እንደሚጣበቅ ብዙ ያስረዳል።

ክፍት ወንበርም ግን በሌላ መንገድ ሊዘጋ ይችላል። በ1965ቱ የሱዳን ምርጫ ለተመራቂዎች ከተለዩት 15 ወንበሮች 11ዱን የኮሚኒስት ፓርቲ አሸነፈ። በዚያው ዓመት መጨረሻ ምክር ቤቱ ፓርቲውን አግዶ አባላቱን አባረረ። የዐረብኛው ቃል ጠርድ ነው፤ ማባረር። አድራጊው በግልጽ የታወቀበት፣ ባለወንበሩም ያለ ጥርጥር ተሳቢ የሆነበት ስንብት ነበር።

በሺር የመጨረሻው ምሳሌ ናቸው። በ2015 እ.ኤ.አ. እንደማይወዳደሩ ተናግረው ተወዳደሩ። ከመጋቢት 2009 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የዓለም አቀፉ የወንጀል ፍርድ ቤት የእስር ማዘዣ ስለነበረባቸው ከቤተ መንግሥት ውጭ የሚጠብቃቸው ነገር የታወቀ ነበር። ሰልፈኛው ያነሣው መፈክር ኢስቲቃላም ተነሒም አልነበረም፤ «ተስጉት በስ» ነበር፣ መውደቅ ብቻ። ተስጉት በቅርጹ ለሁለተኛ መደብ ተባዕትና ለሦስተኛ መደብ አንስታይ አንድ ነው፤ «አንተ ትወድቅ» ወይም «እርሷ ትወድቅ»፣ ማለትም መንግሥቲቱ። አማርኛው ትወድቅም ይህንኑ አሻሚነት ስለሚጋራ ለጀሪፉ አማርኛ ተናጋሪ መፈክሩ ትርጉም ሳያሻው የሚገባ ነበር።

የቃሉ ዕዳ

ከዚህ ታሪክ የሚወጣው ድምዳሜ አጭር ነው። በአካባቢው ባለሥልጣን ወንበሩን የሚተወው ከፍ ያለ ወንበር አይቶ ወይም ሽንፈት ፈርቶ ብቻ አይደለም፤ ከሁሉ በፊት ከወረደ በኋላ የሚደርስበትን መዝኖ ነው። ቋንቋው ይህን ሚዛን ተከትሏል። ሻረ አድራጊውን ከላይ አስቀመጠ፣ ተነሣ አሻሚ አደረገው፣ መተካካት በብዙ ሰው መካከል በተነው፣ ለቀቀ ደግሞ ተሰናባቹን ራሱን አድራጊ አደረገው። ቃላቱ ከመቶ ዓመት ባነሰ ጊዜ ከግዴታ ወደ ፈቃድ ተጉዘዋል። ድርጊቱ ያን ያህል እንደተጓዘ ግን ቃሉ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። ሐምዶክ የለቀቁት በጥቅምት 2014 ዓ.ም. በሠራዊቱ ታስረው፣ በኅዳር ተመልሰው ከተሾሙ በኋላ ነው። ኢስቲቃላ የሚለው ቃል ከእነዚህ ሁለት ወራት አንዱንም አይናገርም።

ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በካርቱም ጦርነት ተነሣ። የከተማዋ ነዋሪ በብዛት ተሰደደ፤ ከኢትዮጵያውያኑም ብዙዎቹ በመተማ በኩል ወደ አገራቸው ገቡ። በአዲስ አበባም ሆነ በካርቱም ወንበር ባዶ ሲሆን ድምፅ የመስጠት ዕድል ያልነበራቸው ሰዎች ናቸው። ስለ እነርሱም የሚባለው «ቤታቸውን ለቀቁ» ነው። ግሡ ያው ነው፤ በዓረፍተ ነገሩ ውስጥ አድራጊዎቹ እነርሱ ናቸው። የከባድ መሣሪያው ድምፅ በግሡ ውስጥ የለም። ስለ ጀሪፍ ነዋሪዎች ሲነገር ለቀቁ የተባለውን አስለቀቋቸው ብሎ ለማንበብ ማንም አያመነታም። ስለ ባለሥልጣን በተጻፈ ዜና ላይም ይኸው ንባብ መሞከር አለበት፤ ታሪክ ጸሐፊው ምክንያቱን ከመመርመሩ በፊት የቋንቋ አጥኚው ሊያቀርብለት የሚችለው ጥያቄ ይህ ነው።